ለጅማ አንድ የጋራ ሱፐርኮምፒውተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሞኑን «የጅማ ተመራማሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ ሱፐርኮምፒውተር ይኑረን» የሚለውን ሐሳብ ያላነሳሁበት ቦታ የለም። ቡና ላይ አነሳዋለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ አነሳዋለሁ፣ ከዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ ከኪቶ ፉርዲሳ ስመለስ አጠገቤ ለተቀመጠው ሁሉ አወራለሁ። ሰው ደግሞ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ መልስ አሥር ጊዜ ከምደጋግም ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ። አስቀድሜ ልናገር፤ ማሽኑ ገና የለም። ሐሳብ ነው። ግን ተቀምጠን መብራቱን፣ ክፍሉንና የሰው ኃይሉን ያሰላንለት ሐሳብ ነው።

ለመሆኑ ሱፐርኮምፒውተር ምንድን ነው?

ብዙ ሰው አንድ ግዙፍ ማሽን ይመስለዋል። አይደለም። ብዙ ኮምፒውተሮች በፈጣን ኔትወርክ ተያይዘው አንዱን ሥራ ተካፍለው ሲሠሩት ነው። ራክ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ቁም ሳጥን ይመስላሉ። ውስጣቸው ያለው ግን የናንተ ላፕቶፕ ዘመድ ነው፦ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ፣ አንዳንዱ ላይ ጂፒዩ (ብዙ ስሌት ባንድ ጊዜ የሚሠራ ቺፕ)።

እ.ኤ.አ. በ1994 ናሳ ውስጥ ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በተራ ኬብል አያይዘው ቢዎልፍ የሚባለውን ክላስተር ሠሩ። እንደኛ ያለ ከተማ «እኛስ?» ብሎ መጠየቅ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ በዓለም በፍጥነት ከ1 እስከ 500 የሚመደቡት ማሽኖች በሙሉ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሊኑክስ ደግሞ በነጻ የሚገኝ ነው፤ የሶፍትዌር ፈቃድ ግዢ እዚህ ላይ አያስቸግረንም።

የትልቁን መጠን ለማወቅ ያህል፣ አሜሪካ ኦክ ሪጅ ያለው ፍሮንቲየር እ.ኤ.አ. በ2022 ሲመዘገብ በሴኮንድ ከቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ስሌት ሠርቷል። የወሰደው መብራት 21 ሜጋዋት ገደማ ነበር። ግልገል ጊቤ አንድ ሙሉ አቅሙ 184 ሜጋዋት ነው። አስቡት፤ አንድ ማሽን የግድቡን ዘጠነኛ እጅ ሊወስድ! እኛ የምናወራው ስለሱ አይደለም። 20 ሰርቨር (ራክ ላይ የሚደረደረው አንዱ ኮምፒውተር) ስላለው፣ 10 ኪሎዋት ገደማ ስለሚወስድ ማሽን ነው። ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ እኩል ሲጣድ የሚወስደውን ያህል ማለት ነው። በዓለም ሚዛን ትንሽ ክላስተር ነው። በላፕቶፕ ለሚታገል ተመራማሪ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ላፕቶፔ አይበቃኝም?

ለብዙ ሥራ ይበቃል። 400 ሰው የሞላው መጠይቅ ከሆነ የያዛችሁት፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ጨርሱት፤ ወረፋ መያዝ አያስፈልጋችሁም።

ችግሩ የሚመጣው እንዲህ ዓይነት ሥራ ሲመጣ ነው። አንዲት የፋርማሲ ተማሪ የአንድ ፕሮቲንና የአንድ መድኃኒት ሞለኪውል እንዴት እንደሚያያዙ ማየት ትፈልጋለች። ግሮማክስ በሚባለው ሶፍትዌር አተሞቹን አንድ በአንድ ታንቀሳቅሳለች። አንዱ እርምጃ 2 ፌምቶሴኮንድ ነው፤ ፌምቶሴኮንድ ማለት ሴኮንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ሲካፈል ነው። የአንድ ማይክሮሴኮንድ እንቅስቃሴ ለማየት 500 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። ላፕቶፑ በሴኮንድ 200 እርምጃ ቢሠራላት 29 ቀን ነው፣ ቀንና ሌሊት፣ ሳይዘጋ። ይህ ለአንድ ሞለኪውል ነው። እሷ ደግሞ 30 ሞለኪውል ማወዳደር አለባት። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም አይተነዋል፤ 30ው ወደ 3 ይወርዳል፣ ማይክሮሴኮንዱ ይቆረጣል፣ ጥያቄው ራሱ ላፕቶፑን እንዲያክል ይደረጋል። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ጎበዝ ተማሪ ጥያቄውን በማሽኑ ልክ ሲቆርጥ ማየት።

የአየር ትንበያም እንዲሁ ነው። ካርታውን በ10 ኪሎሜትር ካሬ ከፋፍላችሁ የምታሰሉትን ወደ 5 ኪሎሜትር ብታወርዱት ሥራው በእጥፍ ብቻ አይጨምርም። በርዝመት እጥፍ፣ በስፋት እጥፍ፣ የጊዜው እርምጃም ማጠር ስላለበት ሌላ እጥፍ፤ ስምንት ጊዜ ይሆናል። የጅማ አካባቢ ደግሞ ተራራና ሸለቆ ነው። በ10 ኪሎሜትር ካሬ ውስጥ አንዱ ጋራ ዝናብ ሲያወርድ ሌላው ጋራ ፀሐይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማሽን ማብዛት ሁሉን አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ1967 የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል ያስተዋለው ነገር አለ። ከሥራችሁ 5 በመቶው የግድ በተራ በተራ የሚሠራ ከሆነ፣ ሺህ ኮር (የሲፒዩ አንዱ ማስሊያ ክፍል) ብትደረድሩም ፍጥነታችሁ ከ20 እጥፍ አያልፍም። ስለዚህ «ብዙ ኮር ስጡኝ» ከማለት በፊት ኮዱን ማየት ይቀድማል።

ለምን የጋራ? እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቢገዛ አይሻልም?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ወፍጮ ቤትን አስቡ። በየቤቱ ወፍጮ የለም። ሰው እህሉን ይዞ ይሄዳል፣ ወረፋ ይይዛል፣ ያስፈጫል፣ ይመለሳል። በየቤቱ ቢኖር ኖሮ በሳምንት አንድ ሰዓት ይሠራና ቀሪውን ጊዜ ይቆም ነበር። ሲበላሽም የሚጠግነው አይገኝም። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። አንድ ተመራማሪ ሁለት ወር አጥብቆ ያሰላል፣ ከዚያ አራት ወር ይጽፋል። በጻፈበት አራት ወር ማሽኑ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ሌላው በዚያው ሰዓት ለማሽን ሲለምን ይውላል።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ 64 ኮር ያለው ሰርቨር አየሁ። በፕሮጀክት ገንዘብ የተገዛ ነው። ላዩ ላይ ነጭ ዳንቴል ተደርጎበታል፣ በዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ። ያስገዛው ሰው ለትምህርት ውጭ ሄዷል፣ ፓስወርዱ ከሱ ጋር ነው። አረንጓዴ መብራቷ ግን ትበራለች። ማሽኑ ምንም ሳይሠራ መብራት ይበላል ማለት ነው። ሥራ የፈታ ሰርቨር ዜሮ አይወስድም፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከሚወስደው ቀላል የማይባል ድርሻ ዝም ብሎ ይወስዳል። ኃይል ቆጣቢነት ስናወራ መጀመሪያ መነሳት ያለበት ይህ ነው። በዓለም ምርጥ የተባለውን ቺፕ ገዝታችሁ ዳንቴል ካለበሳችሁት አባካኝ ነው። መካከለኛ ማሽን ቀንና ሌሊት ሥራ ከያዘ ግን ቆጣቢ ነው።

በጋራ መሥራት የድሃ ዘዴ የሚመስለውም ሰው አጋጥሞኛል። ኤምአይቲና ሃርቫርድ እንኳ ለየብቻ አልሠሩም። ከቦስተን፣ ከኖርዝኢስተርንና ከማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ጋር አምስት ሆነው ሆሊዮክ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የጋራ ማዕከል ሠርተው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ከፈቱ። ሆሊዮክን የመረጡት ኮነቲከት ወንዝ ላይ የውሃ ኃይል ስላለ ነው። ወንዝና ግድብ ያለበት ቦታ ሄዱ፣ ወጪውን ተካፈሉ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ ጊቤ ነው።

ታዲያ ጅማ ለምን? አዲስ አበባ አይቀልም?

አዲስ አበባ ኢንተርኔቱ ይሻላል፣ ዕቃም ቶሎ ይደርሳል። አልክድም። ግን ሥራው እዚህ ነው ያለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሠረት ጀምሮ ሁለቱንም ጎን ይዟል፤ ቴክኖሎጂው ኪቶ ፉርዲሳ ላይ አለ። መልኮ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከሉ አለ። ሰው፣ መረጃና ጥያቄ በአንድ ከተማ፣ በባጃጅ ርቀት ላይ ነው ያሉት። ማሽኑ አጠገብ ሲሆን ተማሪው ገብቶ ያየዋል፣ ሲበላሽ አብሮ ይፈታዋል። ሩቅ ያለ ማሽን ስሌት ይሰጣችኋል፤ ባለሙያ ግን አያፈራላችሁም።

አየሩም ያግዛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር አለፍ ትላለች፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ይህ ለማቀዝቀዣ ትልቅ ነገር ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መብራቱን በተመለከተ «ጊቤ አጠገባችን ነው» የሚለውን ክርክር ብዙ አልወደውም። ግድቡ የሚያመነጨው ወደ አገሪቱ መስመር ይገባል እንጂ በቀጥታ ወደኛ አይመጣም። ቅርበቱ ብቻ መብራት እንዳይጠፋ አያደርግም። ጥሩው ነገር፣ የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ ማሽኑን ስናንቀሳቅስ ነዳጅ እያቃጠልን አይደለም። ጄኔሬተር ካልተነሳ ማለቴ ነው።

ቡና ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ይህን የጠየቁኝ አንድ አባት ናቸው፣ የቡና ነጋዴ። ጥያቄያቸውን ወድጄዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠቁርና ይረግፋል። የጅማ ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ ዞረው በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መረጡ። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ 74 የሚለው የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። ያ ሥራ የተሠራው በእግር፣ በዓይንና በትዕግሥት ነው። ትልቅ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ የዛፉን ዲኤንኤ ማንበብ ይቻላል። አረቢካ የሁለት ሌሎች የቡና ዓይነቶች ድቅል ነው፣ 44 ክሮሞዞም አለው፣ ዲኤንኤው ከ1 ቢሊዮን በላይ ፊደል ነው። ማንበቢያ ማሽኑ ይህን በቁርጥራጭ ነው የሚሰጣችሁ። አንድን ትልቅ መጽሐፍ ሠላሳ ኮፒ አድርጋችሁ፣ ሁሉንም ቀዳዳችሁ፣ ቁርጥራጩን ደባልቃችሁ መልሳችሁ ማያያዝን አስቡ። ሁለት ቅርብ ዘመዳሞች ስለተደባለቁ ደግሞ ብዙው ገጽ ከሌላው ገጽ ጋር ይመሳሰላል። ይህን ለማያያዝ በጣም ሰፊ ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ያስፈልጋል፤ 16 ጊጋባይት ያለው ላፕቶፕ ሥራውን ሳይጀምረው ቀጥ ይላል። ከዚያ የሚቀረው 200 ዛፍ አነጻጽሮ «በሽታ የሚቋቋመው ከሌላው የተለየው የቱ ጋ ነው?» ማለት ነው። የጫካው ቡና ያለው እኛ ጋ ነው። መልሱም እኛ ጋ ቢሰላ ደስ ይለኛል።

ወባ ላይ የሚሠሩ፣ የወንዝና የደለል ፍሰት የሚያሰሉ፣ የድልድይ ጭነት የሚፈትኑ፣ ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ የድምፅ ማወቂያ የሚያሠለጥኑ ሁሉ አሉ። በሁለት በሦስት ጂፒዩ ትልልቆቹን የኤአይ ሞዴሎች ከባዶ ማሠልጠን አይቻልም፤ የተሠራውን ወስዶ በራስ ቋንቋ ማስተካከል ግን ይቻላል።

«ኃይል ቆጣቢ» ስትሉ በቁጥር ምን ማለት ነው?

ሁለት ቁጥር ያዙ።

አንደኛው፣ በአንድ ዋት ስንት ስሌት ይሠራል የሚለው ነው። ግሪን500 የሚባለው ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ማሽኖችን በዚህ ያወዳድራል። ያኔ አንደኛ የወጣው በዋት ከግማሽ ጊጋፍሎፕስ በታች ነበር፤ አንድ ጊጋፍሎፕስ በሴኮንድ ቢሊዮን ስሌት ነው። በ2024 አንደኛ የወጣው ጀርመን ያለው ጄዳይ 72 አልፏል። 200 እጥፍ ገደማ ነው! ለዚህ ነው አሮጌ ሰርቨር በነጻ ሲሰጠን ቶሎ እሺ የማልለው።

ሁለተኛው ፒዩኢ ይባላል። ክፍሉ በሙሉ የሚወስደው መብራት ኮምፒውተሮቹ ብቻ ለሚወስዱት ሲካፈል ነው። ፒዩኢ 1.8 ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ 10 ኪሎዋት ሲወስድ ኤሲው፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው ባትሪ) እና መብራቱ ተደምረው 8 ኪሎዋት ይጨምራሉ። በኛ ማሽን እናስላው። 10 ኪሎዋት ዓመቱን ሙሉ 87,600 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ1.8 ስናባዛው 157,680 ይሆናል። በ1.2 ከሆነ 105,120። ልዩነቱ 52,560 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በየዓመቱ፣ አንድም ተጨማሪ ስሌት ሳይሠራበት። ይህ የሚወሰነው ክፍሉ ሲሠራ ነው። ሰርቨሩ ከገባ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ከባድ ነው።

ከዚያ ሌላ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። ጂፒዩ የሚወስደውን ኃይል በትእዛዝ መገደብ ይቻላል። ገደቡን ትንሽ ዝቅ ስታደርጉት ፍጥነቱ የሚቀንሰው ኃይሉ ከሚቀንሰው ያነሰ ነው፤ በብዙ ሥራ ላይ አትራፊ ነው። ሥራ ያልያዙ ሰርቨሮችን ማጥፋትና ወረፋ ሲመጣ ማስነሳትም ይቻላል። ለያንዳንዱ ተጠቃሚ «ሥራህ ይህን ያህል ኪሎዋት ሰዓት ፈጅቷል» ብሎ መንገር ደግሞ የኔ ምርጫ ነው። ሰው ቆጣሪውን ሲያይ ኮዱን ያስተካክላል።

ኤሲ ሳይገባ ይቀዘቅዛል?

በአብዛኛው ሰዓት ይቀዘቅዛል ብዬ አምናለሁ። ሰርቨር በረዶ አይፈልግም። የሚመከረው የሚገባበት አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ክፍሉን ፍሪጅ የሚያደርጉ ሰዎች መብራት እያባከኑ ነው። የጅማ ሌሊትና ጠዋት ከዚያ በታች ነው፤ የውጭውን አየር አጣርቶ ማስገባት፣ የሞቀውን በሌላ ወገን ማስወጣት ነው። ዋናው ዘዴ ቀዝቃዛውና የሞቀው አየር እንዳይደባለቁ መለየት ነው። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ በፕላስቲክ መጋረጃና በጣውላም ይጀመራል።

ሦስት ችግር አለ። ከፍታው ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በስድስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት የበለጠ መንፋት አለበት። ክረምት ላይ እርጥበቱ ይበዛል። በጋ ላይ አቧራ አለ። ስለዚህ ማጣሪያ፣ የእርጥበት መለኪያ፣ ለቀትርና ለክፉ ቀን ደግሞ አንድ መጠነኛ ኤሲ መኖር አለበት።

ሙቀቱን ለቡና ማድረቂያ አንጠቀምበትም?

ከጠየቁኝ ሁሉ በጣም የወደድኩት! ፊንላንድ ካያኒ ከተማ የቀድሞ ወረቀት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ሉሚ የሚባል ሱፐርኮምፒውተር አለ። በውሃ ኃይል ይሠራል፣ የሚያወጣው ሙቀት የከተማዋን ቤቶች ለማሞቅ ይሄዳል። እኛ ቤት ማሞቅ አያስፈልገንም። ቡና ግን እናደርቃለን።

አስልቼው ነበር። 10 ኪሎዋት ሙቀት ለአንድ ማጠቢያ ጣቢያ ቡና አይበቃም። ለምርምር ለሚለቀሙ ትንንሽ ናሙናዎች ግን ይበቃል፤ ከሰርቨሩ ጀርባ የሚወጣው ለብ ያለ ደረቅ አየር ቀስ ብሎ ለማድረቅ የሚስማማ ነው። ቡና ሲለቀም ዝናብ ከመጣ ናሙናው እንዳይሻግት ያደርጋል። በአንድ የሽቦ አልጋ ልንሞክረው እንችላለን።

መብራት ሲጠፋስ?

እኔ ራሴ 19 ቀን የሠራ ስሌት ጠፍቶብኛል። ማታ ነበር፣ ዝናብ ነበር። መብረቁ ብልጭ አለ፣ ዩፒኤሱ ጢት ጢት ማለት ጀመረ። ሮጬ ደረስኩ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ እየተቆጠረ ነው። አራት ደቂቃ ቆየና ፋኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ያ ዝምታ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። 19 ቀን ሙሉ አንድም ቦታ ላይ ውጤቱን ሴቭ እንዲያደርግ አላዘዝኩትም ነበር።

ከዚያ የተማርኩት ይኸውላችሁ። ዩፒኤስ ሥራ መቀጠያ አይደለም፤ በሥርዓት መዝጊያ ነው። የሚሰጣችሁ ደቂቃ ነው እንጂ ሰዓት አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥራ በየ30 ደቂቃው ያለበትን ቦታ ዲስክ ላይ መጻፍ አለበት። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው ቢበዛ 30 ደቂቃ ነው፤ ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላል። አብዛኛው የምርምር ሶፍትዌር ይህን ያውቃል፤ ማዘዝ ብቻ ነው። እኔ የማስተዳድረው ማሽን ላይ ይህን ያላደረገ ረጅም ሥራ አይገባም።

ጄኔሬተርስ? ለስቶሬጁና ለኔትወርኩ እሺ። 20ውን ሰርቨር በናፍጣ ማስኬድ ግን ሐሳቡን ራሱ ያፈርሰዋል። መብራት ከሌለ ስሌቱ ይተኛ፣ ሲመጣ ይነሳ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬት ላይ በደንብ የተቀበረ ኧርዝና የመብረቅ መከላከያ። በኛ ክረምት ያለ እሱ ሰርቨር መሰካት ድፍረት ነው።

ወረፋው እንዴት ነው? ትልቅ ሰው ይቀድማል?

አይቀድምም። ወረፋውን የሚያስተናግደው ስለርም የሚባል በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ሥራችሁን ስታስገቡ ስንት ኮር፣ ስንት ሜሞሪ፣ ስንት ሰዓት እንደምትፈልጉ ትነግሩታላችሁ። እሱ ደግሞ ባለፉት ሳምንታት ብዙ የተጠቀመውን ዝቅ፣ ያልተጠቀመውን ከፍ ያደርጋል። ፕሮፌሰርም ቢሆን ትናንት ማሽኑን ይዞት ከዋለ ዛሬ የማስተርስ ተማሪዋ ትቀድመዋለች።

ሰዓት ሲጠየቅ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። 4 ሰዓት ለሚፈጅ ሥራ «ለማንኛውም» ብሎ 72 ሰዓት ይጠይቃል። ይህ ራስን መጉዳት ነው። ወረፋው ውስጥ ትልልቅ ሥራዎች ቦታ እስኪሞላላቸው ሲጠብቁ በመሐል ክፍተት ይፈጠራል፣ አጭር ሥራ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይገባል። 5 ሰዓት ያለው ዛሬውኑ ይገባል። 72 ያለው ይጠብቃል።

ክላውድ ተከራይተን አንገላገልም?

በዓመት አንድ ጊዜ ትልቅ ሥራ ላለው ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ የሌላ ሰው ማሽን) ይሻላል። ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ ግን ኪራዩ ይከብዳል፣ ክፍያውም በዶላር ነው። ሌላው ዳታው ነው። 1 ቴራባይት ለመላክ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ባለው መስመር ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። በ100 እንኳ 22 ሰዓት ነው። ግቢ ለግቢ ከሆነ ሃርድ ዲስክ ይዞ በባጃጅ መሄድ ይፈጥናል። የታካሚ መረጃ ከሆነ ደግሞ ከአገር ሳይወጣ ቢሰላ ነገሩ ይቀላል።

ገንዘቡስ? ያገለገለ ማሽን ለምን አንለምንም?

ያገለገለ ማሽን ጥሩ ታሪክ አለው። ቴክሳስ የነበረው ሬንጀር እ.ኤ.አ. በ2013 ሲዘጋ ክፍሎቹ ተፈትተው ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ታንዛኒያና ቦትስዋና ሄደዋል፣ ሰውም ሠልጥኖበታል። የሠለጠነው ሰው ነው ዋናው ትርፍ። ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ያለው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 ሌንጋው የሚባለውን አዲስ ማሽን ተክሏል፤ በሴጽዋና አቦሸማኔ ማለት ነው።

ለመማሪያ እንግዲህ አሮጌ ማሽን እሺ፣ አምጡ። ለዋናው ሥራ ግን ከ40 አሮጌ 5 አዲስ እመርጣለሁ። አሮጌው በነጻ ይመጣና በመብራትና በማቀዝቀዣ ዋጋውን ያስከፍላል፣ መለዋወጫውም አይገኝም።

ስለ ገንዘብ የምለው አጭር ነው። ማሽን ለመግዣ ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ አትቀበሉ። የአምስት ዓመት መብራት፣ የዲስክ መቀየሪያና የሁለት ሰው ደመወዝ አብሮ ካልተጻፈ ማሽኑ በሦስተኛው ዓመት ዳንቴል ይለብሳል።

ፕሮግራሚንግ ማወቅ አለብኝ?

የግድ አይደለም። ሊኑክስ ላይ አሥር ያህል ትእዛዝና አንድ አጭር ስክሪፕት መጻፍ ይበቃል። በሁለት ከሰዓት የሚለመድ ነው። አር ወይም ፓይተን የምትሞክሩ ከሆነ ቀድማችኋል።

ዳታዬ ይጠፋብኛል?

ስሌት የሚሠራበት ዲስክ ማስቀመጫ አይደለም፤ በየወሩ ይጸዳል። ሥራችሁን ስትጨርሱ ውጤቱን ውሰዱ። አንድ ቅጂ ማሽኑ ላይ፣ አንድ እናንተ ጋ፣ አንድ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይኑር።

ማን ያስተዳድረዋል?

ከዕቃው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ማሽን ያ ሰው የሄደ ቀን ይሞታል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ ሁለቱም ሁሉንም የሚያውቁ። የተሠራው ነገር ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ። ፓስወርዱ በፖስታ ታሽጎ ኃላፊው ካዝና ውስጥ። በየሴሚስተሩ ደግሞ አራት ተማሪ አብረዋቸው ይሥሩ፤ ሰርቨር ይክፈቱ፣ አቧራ ያጽዱ፣ ኬብል ይሰኩ፣ የተበላሸ ዲስክ በእጃቸው ይቀይሩ። አስተዳዳሪው ኃላፊዎቹን «ወረፋህን ጠብቅ» ማለት የሚችልበት ደብዳቤም በእጁ ሊኖረው ይገባል። ለክፍሎቹ ሁሉ አንድ ኮሚቴ ይበቃል፤ ሥራውም ወረፋ መስጠት ሳይሆን ደንቡን ማውጣት ነው።

መቼ ነው የሚጀመረው? ምን ላድርግ?

ማሽን ሳንገዛ የምንጀምረው ነገር አለ። በየክፍሉ ያለውን ሰርቨር እየዞርን እየመዘገብን ነው፦ ስንት ኮር፣ ስንት ሜሞሪ፣ ይሠራል አይሠራም፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው። ከሶኬቱ ጋር የሚሰካ ትንሽ የኃይል መለኪያ አድርገን አንድ ሳምንት እንተወዋለን። ስድስት ሰባት የሚሆኑ ከተገኙ በአንድ ስለርም ሥር አገናኝተን አንድ ሴሚስተር እንሞክራለን። የወረፋው ርዝመትና የቆጣሪው ቁጥር ትልቁን ማሽን ለመጠየቅ ማስረጃችን ይሆናል።

እናንተ ጋ ሥራ የፈታ ሰርቨር ካለ ንገሩን። ፓስወርዱ ቢጠፋም ችግር የለም፣ ይከፈታል። ላፕቶፕ ላይ አልሠራ ብሎ የተዋችሁት ሥራ ካለ ደግሞ በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ምን ማስላት ፈልጋችሁ ነበር፣ ዳታው ስንት ጊጋባይት ነው፣ የት ላይ ቆመ። እስካሁን 11 ሰው ጽፎልናል። አንዷ ባለ 30 ሞለኪውሏ ናት።